የውሰት መስመሮች

መድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅት ውስጥ ከደመወዝ ክፍል በቀር ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሸረሪቱ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። እሱ ከመቀጠሩ በፊት የድርጅቱ መረጃ በየሠንጠረዡ ተበታትኖ ነበር፤ አስመጪው በአንዱ፣ መጋዘኑ በሌላው፣ መድኃኒት ቤቶቹ ደግሞ ለብቻቸው። አንድ ካርቶን የት እንደደረሰ የጠየቀ ሰው ሠንጠረዥ ከሠንጠረዥ ሲያገጣጥም ይሰነብታል። ሸረሪቱ ሁሉንም ወደ ግራፍ ዳታቤዝ አዛወረው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ነጥብ ነው፤ ግንኙነቱ ደግሞ መስመር። ከአንዱ ነጥብ ተነስቶ መስመሩን ተከትሎ መሄድ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ባልደረቦቹ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ሲያሾፉበት አብሮ ይስቃል፤ በልቡ ግን አንበሳውን ያሰረው ያህል ነበር የሚሰማው።

የመጀመሪያውን ሥዕል ለሥራ አስኪያጁ ያሳየ ዕለት ግን ውሃ ቸለሱበት።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «ድመት የተጫወተችበት ክር ነው እኮ የሚመስለው።»

አልተሳሳቱም። ሥዕሉን ያወሳሰቡት የውሰት መስመሮች ነበሩ። መድኃኒት ቤቶች አንድ ነገር ሲያልቅባቸው እርስ በርስ ይዋዋሳሉ፤ ደንበኛው ባዶ እጁን ከሚመለስ ብለው ሁለት ሦስት ጠርሙስ ከጎረቤት አምጥተው ይሰጡና ኋላ ይተኩታል። ሽያጭ አይደለም፣ ደረሰኝም የለውም። ሸረሪቱ ግን ባለሱቆቹን በስልክ እየጨቀጨቀ ማን ከማን እንደሚዋዋስ ለቅሞ አስገብቶ ነበር።

«የጎረቤት ውሰት የእኛ ጉዳይ አይደለም። የሸጥነውን ብቻ አሳየኝ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

መከራከር ይችል ነበር፤ አልተከራከረም። እውነቱን ለመናገር ያ ዝብርቅርቅ ለራሱም ዓይን አስጠልቶት ነበር። ከምሳ በኋላ ውሰቱን በሙሉ ከግራፉ ሰረዘው። ሥዕሉ ጠራ፣ አማረ፤ ሥራ አስኪያጁም እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱን እያስጠሩ ሥዕሉን ያሳዩ ጀመር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ የሚጥል በሽታ ሽሮፕ ጉድ አመጣ። በአንድ የምርት ቁጥር ከወጣው መካከል በምርመራ የታየው ሁሉ ቀለሙና ጣፋጩ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒት የሚባል ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። የጥራት ክፍል ኃላፊዋ «ዛሬውኑ ይሰብሰብ» አለች። ሸረሪቱ ግራፉን አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ ሽሮፑ የደረሰባቸው መድኃኒት ቤቶች ዓይኑ እያየ ስክሪኑ ላይ ደምቀው ወጡ። ተደወለ፣ መኪና ወጣ፣ ጠርሙስ ተሰበሰበ። የት እንደገቡ ያልታወቁ ጠርሙሶች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ጉድለት የተለመደ ነው ተብሎ ታለፈ።

«በሬዲዮ እናስነግር እንዴ?» አለች ኃላፊዋ።

«የት እንዳለ እያወቅን አገር የምናሸብረው ለምንድነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ የሸረሪቱን ትከሻ መታ መታ እያደረጉ።

በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቱ ደወለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ቤት ውስጥ «ሚጣ» ነው የሚሏት። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ያንን ሽሮፕ ከጀመረች ወዲህ ግን ጥሏት አያውቅም ነበር።

«ወንድሜ፣ ሚጣን ትናንት ጣላት። ዛሬ ጠዋት ደገማት» አለችው። «መድኃኒቱ ይሆን እንዴ?»

ስልኩን ሳይዘጋ ግራፉ ላይ የእህቱን ሰፈር መድኃኒት ቤት ፈልጎ አወጣው። ከተበላሸው ሽሮፕ ወደዚያ የሚሄድ አንድም መስመር የለም። እፎይ አለ።

«እትዬ፣ አታስቢ። የእናንተ መድኃኒት ቤት ንጹህ ነው። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነበር፤ እሱም ተሰብስቧል።»

«ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ቁጥር ነገር አለ። ላንብብልህ?»

«አያስፈልግም። ሁሉም እዚህ ፊቴ ላይ ነው። ይልቅ ሰዓት አዛንፈሽባት እንዳይሆን። ብቻ እንዳታቋርጪ።»

«ይሆናል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ጥፋት ሲገኝ ወደ ራሷ መጎተት ልማዷ ነው። ከኋላዋ የሚጣ ድምፅ ተሰማ፤ «አጎቴ ነው? መስመር ማስመሩን ጨረሰ ወይ በይው!»

ሳቀና ስልኩን ዘጋ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ሸረሪቱ ግን ኮርቻው ላይ ተደላድሎ ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሚጣን ያዛት፤ አለቀቃትም። ሆስፒታል እስክትደርስ ትንፋሿ ነበር። ከዚያ አልተመለሰችም።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ እየተሰናበተ ወጣና ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ። የሚጣ ጫማዎች አሁንም በሩ ሥር እንደተደረደሩ ናቸው፤ የሚያነሳቸው አልተገኘም። እህቱ ከቁም ሣጥኑ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችው።

«እንዳልከኝ አንድም ቀን ሰዓት አላዛነፍኩም» አለች። «ደወል ሞልቼ ነበር የምሰጣት። ይሄ ገና ግማሹ እንኳ አልጎደለም። ልጅ የታመመበት የምታውቀው ሰው ካለ ስጥልኝ። መድኃኒት እኮ እየተፈለገ ይታጣል።»

ፌስታሉን ፈታ። ጠርሙሱን ሲያዞረው ቁጥሩን አየው። በቃሉ የሚያውቀው የተበላሸው ሽሮፕ ቁጥር ነው፤ ሰሞኑን ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥበት የከረመው። በሽያጭ ወደዚህ ሰፈር አልመጣም። በምን እንደመጣ ለማወቅ ግራፍ አላስፈለገውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው? ጊዜው አልፎበታል እንዴ?» አለች እህቱ።

አዎ ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ እሷም ታምነዋለች። ግን በዚያው መንገድ የተዋሱ ሌሎች መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ ዛሬ ማታም ደወል ሞልታ ሰዓት የምትጠብቅ ሌላ እናት አለች። ስልኩን አወጣና እህቱ ፊት ለጥራት ኃላፊዋ ደወለ።

«ሽሮፑ አልተሰበሰበም» አለ። «በውሰት ወጥቷል። የውሰቱን መስመሮች ከግራፉ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። እህቴ ጠይቃኝ ነበር፤ ንጹህ ነው፣ ስጫት አልኳት። አሁኑኑ በሬዲዮ አስነግሪ።»

«እርግጠኛ ነህ? እስቲ ቁጥሩን አንብብልኝ» አለች ኃላፊዋ።

ጠርሙሱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። እህቱ ቆማ ታየው ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ጠርሙሱን ከእጁ ወሰደች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችው።