ቀይዋ አልፋ ለምን ጨሰች?

«ጋሼ፣ አላለፈችም» አለ መርማሪው ፍሬአብ፣ የጭስ መለኪያውን ቱቦ ከጭስ መውጫው፣ ከማርሚታው እየነቀለ። «እንዳለፈው ሳምንት ነው። ነዳጁን በደንብ ሳታቃጥል ነው የምትተፋው።»

ቀለመወርቅ ዞሮ መኪናዋን አያት። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለሁለት በር የድሮ አልፋ ናት፤ ጠዋት ከቢሮ አስፈቅዶ በገዛ እጁ አጥቦ ወልውሏታል። እንዲህ አምራ የመጣችን የስፖርት መኪና ለመጣል ልጁ እንዴት ልቡ እንደቻለ አልገባህ አለው።

«መለኪያህ ተበላሽቶ እንዳይሆን?»

«ኧረ ጋሼ! ከእርስዎ ፊት የነበረው የአሸዋ መኪና አልፎ ሄደ እኮ!»

ይቺ ንግግር አጥንቱ ድረስ ዘለቀች። በተሳፋሪው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ አምሳለ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ስትወድቅ ሁለተኛዋ ናት» አለችው ከምርመራ ጣቢያው ግቢ ሲወጡ። «ሦስተኛ ከወደቀች ቃልህን አስታውስ።»

ቃሉን መች ረሳው! መኪናዋ ሦስተኛ ከወደቀች ለኤርሚ ሊሸጣት በአምሳለ ፊት ምሏል። ኤርሚ ደምበል አካባቢ ምግብ ቤት የከፈተ ጎረምሳ ነው። የሚፈልጋት ሊነዳት አይደለም፤ ሞተሯን አውጥቶ ከጠረጴዛዎቹ መሀል ሊያቆማትና ደንበኛ ፎቶ እንዲነሳባት ነው። ቦሎ የማሳደሻው ጊዜ ደግሞ ዛሬ ያልቃል፤ ኤርሚም ማምሻውን ጫኝ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ነግሮታል። ቀለመወርቅ፣ ሰው ኮፈኗን ተደግፎ ቢራ ሲጠጣ በታየው ቁጥር ወርዶ መወልወል ያምረዋል።

አምሳለ ክፉ ሆና አይደለም። መምህርት ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ ሰንጋ ተራ ወዳለ ትምህርት ቤት ስለተዛወረች በየቀኑ የሚያደርሳት እሱ ነው። ግን ደስ ብሏት አታውቅም። «ጎረቤቱ ባለመኪና ይለኛል እንጂ መኪና ያለህ አንተ ብቻ ነህ። እኔ እዚህ ውስጥ እንግዳ ነኝ» ትለዋለች። እሱ እንደ ቀልድ ሰምቶ ያልፈዋል።

ቂርቆስ፣ ሙሐሲን ጋራዥ ሲደርሱ አምሳለ የፈተና ወረቀት የታጨቀበትን ቦርሳዋን ይዛ ወረደችና ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሙሐሲን የቀለመወርቅ መካኒክም ወዳጅም ነው። ካንዴላ ቀይሯል፣ ፊልትሮ ቀይሯል፣ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ደጋግሞ ፈቶ አጥቧል።

«አስነሳት» አለና ነጭ መሀረብ ማርሚታው አፍ ላይ ያዘ። መሀረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። «ይኸው! ምን አላት? ሙሽራ ናት እኮ!»

«እዚያ ስትሄድ ነው የምታዋርደኝ።»

«ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው?»

«ቤንዚኑን ተወው! አንተ የነካካኸው ነገር ይኖራል።»

«እኔ?» ሙሐሲን መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሁለቱ ወዳጆች በአንዲት መኪና ሊቀያየሙ ትንሽ ሲቀራቸው አምሳለ ከጥላው ሥር ሆና፣ «ለምን አብሮን አይሄድም? እንደታመመች ይያት» አለች።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ የሙሐሲን ቁመና ነው። የአልፋዋ የኋላ ወንበር ለስሙ ወንበር ተባለ እንጂ ለሕፃንም አይመች። ሙሐሲን ጎንበስ ብሎ፣ ተጣጥፎ፣ «ያ አላህ» እያለ ገባ፤ ጉልበቱ ከአገጩ ገጠመ። አምሳለ ከፊት ስትቀመጥ ደግሞ የቀረችውን አየር ወሰደችበት።

የካዛንቺስን ዳገት ሲጀምሩ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ሙሐሲን ጭንቅላቱን በሁለቱ ወንበሮች መሀል አሾለከ። ዓይኑ የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያዎቹ ካሉበት ክሩስኮት ሥር ደርሶ ፈጠጠ።

«ቁም! ቀለሜ፣ ቁም!»

ቀለመወርቅ ድንገት ሲያቆም ከኋላ የነበረ ሚኒባስ ክላክሱን አምባረቀው፤ ረዳቱም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ሙዚየም ውሰዳት!» ብሎ አለፈ።

ሙሐሲን እጁን ዘርግቶ የአምሳለን ቦርሳ በቀስታ አነሳው። ተንጠልጥሎ የነበረው ከክሩስኮቱ ሥር ወደ ታች ካዘነበለች ትንሽ ጥቁር እጀታ ላይ ነው። ቦርሳው ሲነሳላት እጀታዋን ወደ ውስጥ የሚስባት ሞላ መልሶ አስገባት፤ ሲያጉረመርም የነበረው ሞተርም ድምፁ ጠራ።

«ቲቸር» አለ ሙሐሲን በትሕትና፣ «ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚሰቅሉት?»

«አዎ። ምነው? መስቀያ አይደለም እንዴ?»

«ቾክ ነው። ማለቴ፣ ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚን እንዲበዛለት የሚሳብ ነው። ቦርሳዎ ሲጎትተው መንገዱን ሙሉ ቤንዚን ትግጣለች። እኔ ጋ ሲመጡ ደግሞ ቦርሳዎን ይዘው ይወርዳሉ፤ በቃ፣ ትድናለች። ወላሂ፣ ጤነኛ ካርቡራተር ነው ስፈታ የከረምኩት!»

ቀለመወርቅ መሪውን ለቀቀ። «አምሳለ! ሰው ቾክ ላይ ቦርሳ ይሰቅላል?»

«ታዲያ የት ላድርገው?» አምሳለ ወደ ባሏ ዞረች። «ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው ምንጣፉን አሳደፍሽው አልከኝ። ከኋላ ወንበሩ ላይ ሳደርገው ቆዳውን ጫርሽው አልከኝ። የዕቃ ሳጥኑ በመፍቻህ ጢም ብሏል። ጭኔ ላይ እንዳልይዘው እግሬን ያደነዝዘኛል። ያልከለከልከኝ ይሄን ብቻ ነው!»

ቀለመወርቅ መለኪያውን ሲረግም፣ ወዳጁን ሲያማ የሰነበተው ራሱ ባወጣው ሕግ ኖሯል። አፈረ። እንግዳ ነኝ ስትለው ቀልዷን አልነበረም።

«ሙሐሲን፣ ይቅር በለኝ» አለ መጀመሪያ የቀለለውን መርጦ።

«መጀመሪያ ከዚህ አውጣኝ፤ ከዚያ ይቅር እልሃለሁ።»

ቀድማ የሳቀችው አምሳለ ናት። ሙሐሲን ሁለተኛ አልታጠፍም ብሎ በታክሲ ተመለሰ፤ ባልና ሚስቱ ወደ ምርመራው ጣቢያ ሄዱ። ፍሬአብ ቱቦውን ከተተ፣ ቁጥሩን አየ፣ መለኪያውን መታ መታ አድርጎ እንደገና አየ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጓት? አለፈች እኮ!»

ቀለመወርቅ ልጁን አቅፎ ሳመው። ደስታው ሳይበርድ ሞባይሉ ጮኸ፤ ኤርሚ ነው።

«ጋሼ፣ ጫኝ መኪናው ተገኝቷል። ልምጣ?»

«አትምጣ» ሊል አፉን ከፍቶ ሚስቱን አያት። «ቆይ፣ አምሳለን ልጠይቃት» አለና ስልኩን ከጆሮው አራቀ።

«የምን መጠየቅ ነው? አለፈች አይደል?» አለች።

«ትሸጥ ካልሽ ትሸጣለች።»

አምሳለ ትንሽ አሰበች። «መንጃ ፈቃድ አለኝ። አንድ ቀን መሪዋን አስይዘኸኝ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ሙሐሲንን እንኳ ከጋራዡ በር ውጪ አስነድቶት አያውቅም። ወደ አስፋልቱ ተመለከተ። የማምሻው ግፊያ ጀምሯል፤ የላንቻ ሚኒባሶች እየተሻሙ ይሽሎከለካሉ።

«ኤርሚ፣ አትምጣ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቁልፉን ነቅሎ አምሳለ መዳፍ ላይ አኖረው።

«በግራ እግርሽ ፍሪሲዮኗን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ እሺ?» አላትና ዞሮ በተሳፋሪው በር ገባ።