የመንገድ ዳኛ

አባቴን ያሰሯቸው ስለ አንድ በሬ ነው። ምን አደረጉ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው፤ የሚስቅም አጋጥሞኛል። ይሳቅ። የሌላ ሰው አባት ቢሆኑ እኔም እስቅ ነበር።

በሬው የቸኮለ ነው። ቸኮለ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኛ ቤት ማዶ የሚኖር ጎረቤታችን ነው። በሬው ገመዱን በጥሶ የሌላው ጎረቤታችን የስመኘው ማሳ ውስጥ ገባና ለመለቀም የደረሰ በርበሬውን ረግጦ ድምጥማጡን አጠፋው። ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ተያይዘው ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ አባቴ፣ አቶ ይሄይስ፣ አህያቸውን እየነዱ ከወፍጮ ይመጣሉ። በእኛ አገር የተጣሉ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው አላፊውን "በሕግ አምላክ፣ ዳኘን" ካሉት ጥሏቸው አይሄድም። የመንገድ ዳኛ ይባላል። ማኅተም የለው፣ ወንበር የለው። ሥልጣኑ ሁለቱ ሰዎች ወደውና ፈቅደው ፊቱ እስከቆሙ ድረስ ብቻ ነው። አባቴም አህያቸውን ከጥላ አቁመው ሁለቱንም ሰሙና ፈረዱ፤ ቸኮለ በበሬዎቹ የስመኘውን መሬት ይረስለት አሉ። ሁለቱም እሺ ብለው፣ ተሳስመው ተለያዩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የገበያ ዕለት ጠላ ቤት ውስጥ አብረውት የሚጠጡት ሰዎች "ተበላህ እኮ" ሲሉት የቸኮለ ልቡ ሸፈተ። ታጣቂዎች እየሰሙት፣ እሱ ሰውዬ ማን ሾሞት ነው በኔ ላይ የሚፈርደው አለ። ይህን ያለው በክፋት አይመስለኝም። አፉን ነው ያልገታው።

በዚያ ሰሞን የወረዳው ፍርድ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። አንዱ ባለ ጠመንጃ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የገባው ሁሉ ሕግ እኔ ነኝ ይላል። ያን ጊዜ የነበሩትም ከእኛ ችሎት ውጭ የሚዳኝ ሰው ጠላታችን ነው ብለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስነግረው ነበር። አባቴ ሰምተዋል። "እኔ ምን ችሎት አለኝና" ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እኔ ህይወት እባላለሁ። ፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። ነበርኩ የምለው፣ ዩኒቨርሲቲው ባያባርረኝም መንገዱ ስለተዘጋ እቤቴ ገብቼ በመቅረቴ ነው። ከተማርኩት ሁሉ የምወደው የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ የሚባለውን ነበር። የክፍሉ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው ሰውን የማዘዝ መብት ከየት ያገኛል? ከእግዚአብሔር ነው ያሉ አሉ። ከጉልበት ነው ያሉም አሉ። በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ የኖረ አንድ እንግሊዛዊ፣ መንግሥት ከሌለ ጎረቤት ጎረቤቱን ይበላዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰይፉን ለአንድ ገዢ አስረክቦ ይደር አለ። ከእሱ በኋላ የመጣው ደግሞ፣ ገዢው ራሱ ሲበድል ማን ይዳኘዋል? ሥልጣን እኮ ሰዎች ተስማምተው የሰጡት አደራ ነው፣ አደራ የበላ ይነጠቃል አለ።

መምህራችን ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ በእነዚህ ሰዎች አከራከረን። ለእኔ ሰይፉን ያስረክብ ያለው የፈሪው እንግሊዛዊ ወገን ደረሰኝ። የአደራውን ወገን ይዞ የረታኝ ክንዱ የሚባል የገበዝ ማርያም ልጅ ነው። ቀጭን ነው፣ ሲናገር ጣቶቹን ያፍተለትላል። "ያልተስማማሁበት ሥልጣን አያስረኝም" ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስጨብጭቧል። እኔም ራሴ አጨብጭቤለታለሁ።

አባቴ ወደታሰሩበት ትምህርት ቤት ከእናቴ ጋር በሩጫ ስንደርስ፣ የታጣቂዎቹ አለቃ ሆኖ በር ላይ የቆመው ክንዱ ነበር።

እሰይ ነው ያልኩት። አውቀዋለሁ፣ ያውቀኛል፣ ነገሩ አለቀ አልኩ። ክንዱ ግን ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረና ከሰዎቹ ነጠል አድርጎ ባንዲራ ወደማይሰቀልበት ባንዲራ መስቀያ ወሰደኝ።

"አባቴ ናቸው" አልኩት።

"አውቄያለሁ። ዛሬ ነው ያወቅሁት።"

"በሬ እኮ ነው ክንዱ። በሬ በርበሬ ረገጠ።"

"ነገሩ በሬው አይደለም። ማን ሾማቸው ነው ነገሩ።"

"ሁለቱ ሰዎች ሾሟቸዋ። ሥልጣን ከተስማሙት ሰዎች ነው የሚመጣው ብለህ ያስጨበጨብክ አንተ አይደለህ?"

"ያ ክፍል ውስጥ ነው።" ጣቶቹን ያፍተለትል ጀመር። "እዚህ ሁሉም የየራሱን ዳኛ ካቆመ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ያስረዳሽን አንቺ ነሽ።"

አዎ፣ እኔ ነኝ። መምህሩ ስላዘዘኝ የተከራከርኩትን፣ እኔ ራሴ ያላመንኩበትን፣ እሱ አምኖበት ጠመንጃ ላይ አንጠልጥሎት አገኘሁት። በጥፊ ብለው በወደድኩ። አባቴ እጁ ላይ ስለሆኑ ግን ለመንኩት።

ክንዱ የጠየቀው ቀላል ነገር ነበር። ሕዝብ ይሰበሰባል፤ አባቴ ቆመው ፍርዴ ፍርድ አልነበረም፣ ሁለተኛም አልዳኝም ይላሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

"ካላሉስ?"

"ይሉዋ። አንቺ አሳምኛቸው።" በዓይኑ ወደ ምክትሉ ጠቆመኝ። ይርሳው ይባላል፤ የተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ የሚልጥ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። "ከበላይ ትእዛዝ አለ። እምቢ ያለ ቆላ ይወርዳል፣ እኔም ላስቀረው አልችልም።"

ቆላ የወረደ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም።

አባቴ አራተኛ ክፍል ውስጥ ነበሩ። የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ማባዣ ሠንጠረዥ ተሥሏል። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ክንዱ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው።

"አባባ፣ ፍርዱ ፈርሷል ይበሉ። አንድ ቃል እኮ ነው።"

"እኔ ምን ብዬ አፈርሰዋለሁ? ያቆሙት ቸኮለና ስመኘው ናቸው። ይምጡና ያፍርሱት።"

"ስመኘው ፈርቶ ወደ ዱርቤቴ ከተማ ሸሽቷል።"

"እንግዲያ ቆሟላ" አሉ፣ እንደ ዋዛ።

"ይገድሉዎታል አባባ!"

"ሰምቻለሁ ልጄ። መፍራቱንስ እፈራለሁ። ነገር ግን ነገ እነዚያ ሁለቱ ቢገዳደሉ ደሙ በማን ነው? ዳኘን አሉኝ፣ ዳኘሁ። አልዳኘሁም ብዬ መዋሸት ይከብደኛል።"

እናቴ እናኑ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ የተጣበቀበትን አፈር በጥፍሯ ትልጣለች። እኔ ግን ጮህኩባቸው። ግትር አልኳቸው። በሕይወቴ አባቴን ግትር ብዬ አላውቅም፤ እሳቸው ደግሞ እውነትሽን ነው ዓይነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሕዝቡ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ክንዱ አባቴን መሀል አቁሞ፣ ከእንግዲህ ይዳኛሉ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ድምፁ ውስጥ ልመና እንዳለ እኔ አውቄያለሁ። አባቴ ዙሪያቸውን አዩና "ዳኙኝ ብሎ የቆመን ሰው ጥዬ አልሄድም። ነገም ቢሆን" አሉ።

ይርሳው ሸንኮራውን ጣለና ተነሣ። "ውሰዱት" አለ። አባቴን አንተ ሲል የሰማሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ያን ጊዜ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት። አስቤበት አይደለም፤ ጨንቆኝ ነው። ድሮ ፖሊስ ሳይኖር ተበዳይ የነጠላውን ጫፍ ከበዳዩ ልብስ ጋር ቋጥሮ፣ ሁለቱ እንደተቋጠሩ ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ዘመኑ ያለፈበት ነገር ነው፤ የማውቀውም ሽማግሌዎች ሲያወሩት ሰምቼ ነው። ሮጬ ክንዱ አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ፎጣ ያዝኩና ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። አጠባብቄ ቋጠርኩት።

"በሕግ አምላክ" አልኩ። "አባቴን ያለ ጥፋት አስረሃል። ዳኛ ፊት ሳንቆም ፎጣህን አልለቅም።"

ወጣት ታጣቂዎች ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ሽማግሌዎቹ ግን አውቀውታል። አንዳንዶቹ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ። ክንዱ ፎጣውን መንጭቆ መሄድ ይችል ነበር። አልመነጨቀም።

"ዳኛው ማነው?" አለኝ፣ ዝግ ብሎ።

ዞሬ ሕዝቡን አየሁ። መቼም ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ አይጠፋም። አባ ገብረሰንበትን አየኋቸው፤ ግማሹን አገር ያስታረቁ ሰው ናቸው። "አባ፣ እርስዎ ይዳኙን" አልኳቸው። "ጆሮዬ ከብዷል ልጄ፣ አልሰማም" አሉኝ፤ ጥያቄዬን ሰምተው መሆኑ ነው። ቸኮለን በስሙ ጠራሁት። "ማን እንደሾማቸው አንተ ንገራቸው ቸኮለ። ዳኘን ያልክ አንተ አይደለህም?" ቸኮለ ከሰው ጀርባ ገባ። ሌሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። የጠራኋቸውም ያልጠራኋቸውም መሬት መሬት ያያሉ። አልፈርድባቸውም ማለት ነበረብኝ፣ ልጅ አላቸው፣ ቤት አላቸው። እፈርድባቸዋለሁ። እስከ ዛሬ እፈርድባቸዋለሁ።

"ዳኛ የለም" አለ ይርሳው እየሳቀ።

"አለ" አለ ክንዱ። ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። "ሕዝቡ ይስማኝ። እኔ አቶ ይሄይስን ዳኛዬ አድርጌ ተቀብያለሁ። ይፍረዱ። ይፈቱ ካሉ ይፈታሉ፣ ማንም አይነካቸውም። በሕዝብ ፊት ተስማምቻለሁ።"

በር ነው የከፈተልን። አለቆቹ ቢጠይቁት በሕዝብ ፊት የገባሁት ቃል ነው የሚልበትን፣ አባቴም ሳይዋሹ የሚወጡበትን በር። የይርሳው ሳቅ ተቋረጠ። አባቴን አየኋቸው፤ ይፈቱ፣ አንዲት ቃል፣ ይበሉና ወደ ቤታችን እንሂድ።

አባቴ ከሳሽና ተከሳሽ መሀል እንደሚቆም ሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ደስታ ቢጤ ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ክንዱ አክብሯቸዋል። ከዚያ ፊታቸው ጨለመ።

"ከሳሿ ልጄ ናት" አሉ። "ነገሩም የኔው ነገር ነው። ለራሴ እንዴት አድርጌ ነው የምፈርድ? እንዲያማ ከፈረድሁ የስመኘውም ፍርድ ፍርድ አልነበረም ማለት እኮ ነው።"

"አባባ፣ ይፍረዱ" አለ ክንዱ። ፎጣው ነጠላዬ ላይ ስለተቋጠረ እስትንፋሱ ይሰማኛል። "እኔ ተስማምቻለሁ አልኩ። ይበቃል እኮ። ይፍረዱ።"

"ይፍረዱ!" ብዬ ጮህኩ።

"በዚህ ነገር እኔ ዳኛ አይደለሁም" አሉ አባቴ። "ሌላ ዳኛ ፈልጉ።"

ይርሳው የሚፈልገውን አገኘ። "ሰማችሁ?" ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። "ዳኛ አይደለሁም አለ፣ በገዛ አፉ። ዳኛ ካልሆነ ምን ብሎ ዳኘ? ሕዝብ ሲያታልል ነው የኖረው።" "በዚህ ነገር" ያሉትን ቆርጦ ጣለው። ሁሉም ሰምቷል፣ ቆርጦ እንደጣለው ሁሉም አውቋል። አባ ገብረሰንበት እንኳ ሰምተዋል።

ክንዱ ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረ። ጣቶቹ አልታዘዙትም። በመጨረሻ ፎጣውን ከአንገቱ አውልቆ ተወልኝና ሄደ፤ ዞር ብሎም አላየኝ። አባቴን በትምህርት ቤቱ ጀርባ በኩል፣ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ወሰዷቸው። ልከተል ስሮጥ አንዱ በሰደፍ ደረቴን ብሎ ጣለኝ። እሳቸው ዞረው "ተመለሽ፣ እናትሽን ያዥ" አሉኝ። ሌላ የሰማሁት ቃል የለም። ከዚያ ወዲህ በሽንዲ በኩል አየናቸው ያለ ሰው አለ፣ አላየንም ያለም አለ። አልተመለሱም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እኔ እከተላለሁ። አላለቀስኩም፤ ተቆጥቼ ነበር። በይርሳው አይደለም፣ በክንዱም አይደለም። በአባቴ ነው። በሩ ተከፍቶ እያዩ አልገባም ያሉትን ሰው ይቅር የምልበት ልብ አልነበረኝም። የስመኘው ማሳ ጋ ስንደርስ እናቴ ቆመችና ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረች።

"ያ ትምህርትሽ፣ እንዲህ ስላለው የሚለው ነገር አለ?"

"አለ" አልኳት። "ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሁን ይላል። መንግሥት ራሱ ያስፈለገው ለዚህ ነው ይላል።"

"እና አባትሽ?"

"ልክ ናቸው። በትምህርቱ ልክ ናቸው።"

"እኔ ልክ የሆነ ሰው ፍለጋ አልነበረም የሄድሁ" አለች። "ባሌን ነበር።"

መንገዱ መሀል ቁጭ አለችና አልነሣም አለች።