እማዬ ስትቀርጽ

ልብስ ሰፊዋ ጫፍ ተንጠልጥሎ ማየት አትወድም። ከሰፋችው ቀሚስ ላይ አንድ ክር ከተረፈ ሲከነክናት ይውላል። በኮምፒውተርም ያው ናት። ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠልን ማንም አላስተማራትም፤ ስልኳን የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ እያየች፣ እያበላሸች፣ እንደገና እየሞከረች ነው የለመደችው።

አባቷ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሏቸዋል። «ያንን የቤታችንን ካሴት ስልኬ ላይ ብታደርጊልኝ» አሏት አንድ ቀን። እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድ ነገር ሲለምኑ የመጀመሪያቸው ነበር። እሷም ከጎረቤታቸው ከራዲዮ ጠጋኙ የቪዲዮ ማጫወቻ ተውሳ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠች። ከዚያማ ማን ይቻላት! ካሜራው ሳይጠፋ ተረስቶ ወለል ወለሉን የሚያሳይበትን ሁሉ ቆርጣ ጣለች። የሚንቀጠቀጠውን ጣለች። ድምፁ ሽሽሽ እያለ ቢያስቸግራት እሱንም አጥፍታ ሙዚቃ ደረበችበት። በመጨረሻም ፋይሉን ጨምቃ ጨምቃ ስልክ ላይ የሚገባ አደረገችው። ኮምፒውተሯ ሞልታ ታቃስት ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ግልባጭ ላይመለስ ሰረዘችው። ጥርት፣ ምጥን ያለ ሥራ።

አባቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«እናትሽ የታለች?»

«አባባ፣ የምትቀርጸው እኮ እማዬ ነበረች። የትም ቦታ አትታይም።»

«በየትኛው ዓይኔ ነው ደግሞ የማያት? እኔ መች ልያት አልኩ?» ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ልጃቸው እንዳይከፋት ብለው፣ «ሙዚቃው ግን ጥሩ ነው» አሉ።

ይህቺ «ጥሩ ነው» አንጀቷን በላችው። ያኔ ገባት። እማዬ ስትቀርጽ ትንፍሽ አትልም ነበር፤ ወሬዋ የሚጀምረው ካሜራውን አጠፋሁ ብላ ስታወርደው ነው። ወለል የሚታይበት ቦታ ሁሉ የእሷ ድምፅ ነበረበት። ልጅቷ ደግሞ ሥራውን የሠራችው በዓይኗ ብቻ።

ካሴቱን ይዛ ወደ ጠጋኙ ሮጠች።

«አንዴ በደህና መውጣቱን አመስግኚ አላልኩሽም?» አለ ካሴቱን ወደ ብርሃን እያዞረ። «ክሩ እኮ የሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። ማሽኑ ከበላው እኔ የለሁበትም።»

«ካልተጫወተስ ምን ሊሠራልኝ ነው? አንተ ብቻ ጭንቅላቱን አጽዳልኝ።»

«የኔን ነው የማሽኑን?»

«የሁለታችሁንም!»

እየሳቀ አጸዳላት። ማጫወቻውን ይዛ ቤቷ ገብታ የሰፋቻቸውን ልብሶች የቀረጸችባቸውን ቪዲዮዎች አንድ ሳታስቀር ሰርዛ ለካሴቱ ቦታ አስለቀቀች። አባቷንም አጠገቧ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ክሩ ቢበጠስ እንኳ እስከሚበጠስበት ድረስ ይስሙ ብላ። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች፣ ለአባቷ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ቁልፉንም ተጫነች።

ካሴት ቸኩል ቢሉት አይቸኩልም። ማሽኑ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ወደ ካሴቱ ጎንበስ ትላለች። ሥዕሉ ተሸበሸበ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ተንገዳግዶ ወደ ታች ወረደ። የጠረጴዛ እግር። ባልዲ። እርጥብ ወለል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! አሁን እኮ ነው የወለወልኩት! እግርህን አንሳ!»

ሽማግሌው ከነወንበራቸው ደንገጥ ብለው ሁለት እግራቸውን ብድግ አደረጉ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም በይ፣» አሉ በሹክሹክታ፣ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ። «ካላነሳሁ አትተወኝም።»

ልጅቷ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ከኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ ቀይዋ ነጥብ ብልጭ ድርግም እያለች፣ ወለሉንም ድምፁንም አንድ ላይ ትቀዳለች።

«እስኪደርቅ እንዳታወርደው!» አለች እማዬ።

እሳቸውም አላወረዱም።