ስም የሌለው ወረቀት

«ቦርሳሽን ክፈቺ» አሏት ጥበቃው ሃምሳ አለቃ።

መምህርቷ ክው አለች። በዚህ በር አሥራ አንድ ዓመት ስትገባና ስትወጣ ሃምሳ አለቃ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ» ብለዋት አያውቁም። «እንደምን አደሩ መምህርት፣ ዝናቡ አልመታዎትም?» ነበር ሰላምታቸው። አሁን ተማሪ የሚፈተሽበትን ጠረጴዛ በዱላቸው ጫፍ ቆርቆር አድርገው ጠበቁ። ቦርሳዋን ከፈተች። ምሳ ዕቃዋን፣ ጃንጥላዋን፣ የራስ ምታት ክኒኗን አንድ በአንድ እያወጡ ደረደሩ። ከሥር ልቦለዱን ሲያገኙ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ ጎን አስቀመጡት።

«እሱ ማስተማሪያ ነው።»

«አውቃለሁ። ተምረንበታል።»

ከኋላዋ አንድ ጎረምሳ «ትሰማኛለህ?» ብሎ ድምፁን አጎርንኖ ጮኸና እየሮጠ አለፈ። ጓደኞቹ ሳቁ። ጥበቃው ዞር ብለውም አላዩት። ክኒኑን ግን ቦርሳው ውስጥ ወረወሩት።

ጣጣውን ያመጣችው ራሷ ናት። በየዓመቱ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎቿን ስለ ጦርነት የተጻፈ አንድ ልቦለድ ታስነብባለች። ተራኪው የአንድን ወታደር አሟሟት አራት ጊዜ በአራት መንገድ ይነግርና በየመጨረሻው «ዋሽቻችኋለሁ» ይላል። ድኅረ ዘመናዊ የሚሉት ዓይነት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ «ታዲያ እውነቱን ለምን አይነግረንም?» ብለው ያኮርፋሉ፤ ቀስ በቀስ ይጥማቸዋል። ከዚያ በየራሳቸው ድምፅ አንድ ገጽ ይጽፋሉ፣ ያለ ስም። እሷ ታነባለች፤ ክፍሉ ከአነጋገሩ ብቻ ጸሐፊውን ይገምታል። ከታወቀ ድምፅ አለው ማለት ነው። በዚህ ዘዴዋ ስትኮራ ኖራለች። ስም ስለሌለው ማንም አይጎዳም ትል ነበር። የጨዋታው ግብ ራሱ ስሙን ማግኘት መሆኑ ለዚያ ብልህ ነኝ ባይ ጭንቅላቷ አልታየውም።

ባለፈው ሰኞ ያነበበችው የጥበቃውን ልጅ ወረቀት ነበር። ልጅቷ የጻፈችው በአባቷ ድምፅ ነው። የጦር ሜዳ ጓደኛቸው አንዴ ወንዝ ዳር ይሞታል፣ አንዴ ጉብታ ላይ፣ አንዴ እሳቸው ጀርባ ላይ እንደታዘለ። በየመሐሉ «ትሰማኛለህ?» የምትለዋ የአባቷ አባባል አለች። ሦስተኛው መስመር ሳይደርስ ክፍሉ ባለቤቱን ለየና ሳቀ፤ ሃምሳ አለቃ ላረፈደ ተማሪ ሁሉ በር ላይ የሚተርኩት ነውና። ሳቁ ገና ሳይበርድ አራተኛው መጣ፦ «ጥዬው ሮጥኩ። ስሜን ይጠራ ነበር። ትሰማኛለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልመጣችም። የፈተና መመዝገቢያ ቅጽ ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። የወላጅ ፊርማ ከሌለው ዓመቱ ባከነ፤ አባቷ ደግሞ ገና አልፈረሙም። ከክፍሉ ሁሉ መጻፍ የምትችለው እሷ ነበረች።

ስምንት ተኩል ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራት። ጠብ የማይወድ ሰው ነው፤ ጠብ እንዳይነሳ ሲል ያልፈረመው ወረቀት የለም። ለሃምሳ አለቃ የምትሰጠውን የይቅርታ ደብዳቤ እንኳ ራሱ አስተይቦ ጨርሶታል።

«ፈርሚና እንገላገል» አላት። «መጽሐፉንም ተዪው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«አፌን መቼ አዳለጠኝ? የተጻፈ ነው ያነበብኩት።»

«እሱ ይባስ!»

ጥበቃው ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። መነጽራቸውን አውጥተው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች በከንፈራቸው እያነበቡ ወረዱት።

«ይሄ የእሷ አይደለም» አሉ። «‹ከላይ በተጠቀሰው ሁኔታ ለተፈጠረው ቅሬታ።› ይሄ የእርስዎ ነው ጌታዬ። ሃያ ዓመት ማስታወቂያዎን የምለጥፈው እኔ ነኝ።»

«ሐሳቡ የእሷ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ከአንገት በላይ ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ ናት፤ ምን እንደምላት አውቃለሁ፣ ትሰ…» አሉና የቀረውን ዋጡት። «አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲስቁ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር? እሷን ብጠይቃት አቀርቅሬ ነበር፣ አላየሁም አለችኝ።»

«ወዲያው ጸጥ አሰኝታቸዋለች!» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«እርስዎ እዚያ ነበሩ እንዴ?»

መምህርቷ አፈረች፤ ፊቷ እስከ አንገቷ ድረስ ጋለ። ርዕሰ መምህሩ ከመስጠም ሊያድናት ጀልባ ያቀረበላት ያህል በዓይኑ እየጠቀሳት ነው። አዎ ብትል ያልቃል፤ እዚህ ቢሮ ውስጥ የሚመሰክርባት የለም። ደብዳቤውን ገለበጠችና በባዶው ጀርባ ላይ በእጇ ጻፈች፦

«ያነበብኩት እኔ ነኝ። ማን እንደጻፈው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አውቄያለሁ። ቆንጆ ስለነበር ማቆም አልፈለግሁም። ሲስቁ አላስቆምኳቸውም። እኔም ስቄያለሁ። አራተኛው ከደረሰ በኋላም ሳቄ አልቆመልኝም ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበ። «በፈጠረሽ፣ ቢያንስ ስምሽን አትጻፊበት» አለ በሹክሹክታ። «ይሄ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚያቆም ነው። ስም ከሌለው ተራ ወረቀት ነው።»

ጥበቃው ወስደው አነበቡት። ቸኩለው አልነበረም፤ ሁለቴ ነው ያነበቡት። ፊታቸው አልተፈታም። ከኪሳቸው በአራት የታጠፈውን የመመዝገቢያ ቅጽ አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው ደልደል አደረጉና ፈረሙ።

«ይሄ ለልጄ ነው» አሉ። «አንቺ ነገም ትፈተሻለሽ።»

«እሺ» አለች።

ወረቀቷን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ብዕሩንም አብረው።

«ስም የለውም» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። መምህርቷ ብዕሩን አነሳችና ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች።