ያስቀመጠው ያንሳው

እኛ ደጋ፣ ጓሳ ላይ፣ ዛፍ የለም። ሌላ አገር መኪናው የተበላሸበት ሾፌር ቅጠል ቆርጦ መንገዱ ላይ ይጥላል፤ ከኋላው የሚመጣው ያንን አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቅጠሉም በማግስቱ ይጠወልግና ነፋስ ይወስደዋል። እኛ ዘንድ ያለው ግን ድንጋይ ነው። ሾፌሩ ከጎማው ሥር ታኮ የሚሆነውን ይሸጉጣል፤ ራቅ ብሎ ደግሞ በመንገዱ ግማሽ ላይ ድንጋይ ይደረድራል። ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ አስነስቶ ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ጉም ሲወርድ አይታይም።

ባለቤቴ በኃይሉ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በሞተር ብስክሌት ከሥራ ሲመለስ እንዲህ ተትቶ ከቀረ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ድንጋዩን ማን እንደተወው አልታወቀም፤ የጠየቀም የለም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ የእግዜር ሥራ ነው አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እንደ መስማማት ቆጠሩት።

ቤታችን በር ላይ የእሱ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሞ ቀረ። ሽጪው ያላለኝ ዘመድ የለም። አልሸጥኩትም። በሰው አስነድቼ ወሰድኩትና ክረምቱን ደብረ ብርሃን ተቀምጬ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ መስከረም ላይ ወደማስተምርበት ወደ መሐል ሜዳ ራሴ ነድቼው ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር የሚጠብቀኝ ሰው በዛ። ውሰጂን ብለው ይለምኑኛል፤ ከተሳፈሩ በኋላ ዳገት ላይ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር የአጥቢያቸውን ታቦት ስም ይጠራሉ። ለምጄዋለሁ።

በ1999 ሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ እየሄድኩ ነበር። ጉሙ ገና ከላይ ነው፤ እየወረደ እንደሆነ ግን ያስታውቃል። ቁልቁለቱን ስጀምር ከታች ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ አየሁ። ሽቅብ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሮ ዳገቱ መሐል ቆሟል። ሾፌሩ የኋላ ጎማ ቀይሮ ብሎኖቹን እያጠበቀ ነው። ከጎማዎቹ ሥር ትልልቅ ድንጋዮች ተሸጉጠዋል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ሌሎች ተደርድረዋል። ክሪኩን ወርውሮ ጫነ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ጋቢና ገባ፣ አስነሳ። መኪናው ድንጋዮቹን ኋላው ትቶ ወደ እኔ መጣ።

መሪውን አዞርኩና ላንድሮቨሩን መንገዱ ላይ አግድም አቆምኩት። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው በኩል ቦይ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

ፍሬን ይዞ ቆመ። ክላክሱን ሳያቋርጥ ነፋና አንገቱን በመስኮት አወጣ። ወጣት ነው፤ ከአንገቱ ላይ የእግር ኳስ ቡድን ሻርፕ ጠምጥሟል።

"ተበላሸብሽ?"

"አልተበላሸብኝም። ድንጋዮችህን አንሳ።"

"የምን ድንጋይ?"

"ከኋላህ የተውካቸውን።"

በመስታወቱ እንኳ ወደ ኋላ አላየም። "የኔ እናት፣ መንጃ ፈቃዱን የሰጡሽ እንድትነጂ ነው ወይስ መንገድ እንድትጠርጊ?"

"አንተ ከምትተወው ነጂዋም ጠራጊዋም እኔው ልሁን።"

"ስሚኝ፣ የጫንኩት የመንግሥት ማዳበሪያ ነው። ገበሬው እርሻውን አለስልሶ እየጠበቀኝ ነው። ልማት እያደናቀፍሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይሄ ፀረ ልማት ነው የሚባለው!"

"ድንጋዩን ስታነሳ ልማቱ ይቀጥላል።"

ለሞላሌ ትራፊክ እደውልብሻለሁ ብሎ ሞባይሉን በመስኮት ወደ ሰማይ አነሳው። ወዲህ አደረገው፣ ወዲያ አደረገው። ኔትወርክ አልነበረም። መልሶ ኪሱ ከተተው።

ይህን ስንባባል ከኋላዬ ወደ ሞላሌ የሚሄደው አውቶቡስ መጣና ቆመ። ሰዉ ጋቢውን እየተከናነበ መውረድ ጀመረ።

"ምን ሆነው ነው?"

"ተጣልተው ነው።"

"ባልና ሚስት ናቸው?"

"ኧረ በማርያም! እሱ የልጅ ልጇ ባይሆን ልጇ ነው የሚሆነው።"

ያን ያህል አላረጀሁም፤ ነገር ግን አላረምኳቸውም። የአውቶቡሱ ሾፌር ስሙ ተገኘ ነው፤ በመልክ እንተዋወቃለን። "መምህርት፣ ስለ እግዜር ብለሽ አሳልፊን፤ ጉሙ ሳይዘጋብን እንውጣ" አለኝ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሕዝብ እያጉላላሁ ነው፣ መማር እንዲህ ነው ወይ፣ ለሴት ልጅ መኪና ምን ያደርግላታል አሉ። የአይሱዙው ሾፌር ሰው እንደወገነለት ሲያይ ሞተሩን እያጓራ ጥቂት ወደ ፊት ገፋ አደረገ። የፊት መከላከያ ብረቱ ላንድሮቨሬን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

"በሕግ አምላክ!" አልኩት። "በሕግ አምላክ፣ የተውከውን ድንጋይ ሳታነሳ እንዳትነቃነቅ!"

ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በልጅነቴ ሽማግሌዎች ሲጠሩት ሰምቻለሁ፤ የሚሮጥ ሰው ይቆምለት፣ የተሰነዘረ ዱላ ይመለስለት ነበር። እኔ ጠርቼው አላውቅም። ከኋላዬ ያለው ጫጫታ ቀጥ አለ።

ወጣቱ ብቻ ሳቀ። "በየትኛው ሕግ? በየትኛው አምላክ? እትዬ፣ አገሩ ፌዴራል ሆኗል እኮ!"

ከሰዎቹ መሐል አንድ ሽማግሌ በዘንጋቸው እየተደገፉ ወደ ፊት መጡ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ይባላሉ፤ በጃንሆይ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። እስካሁን ከሁሉም በላይ እኔን ሲቆጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

"አንተ ልጅ፣ ምኑ ነው ያሳቀህ?" አሉት። "ሕጉ ነው ወይስ አምላኩ?"

"አባባ፣ እኔ እንዲያው ለጨዋታ..."

"በሕግ አምላክ ተብለሃል። ወርደህ ቁም።"

"መውረድ አልችልም።"

"ምን ያዘህ?"

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የእጅ ፍሬኑ አይሠራም። እግሬን ካነሳሁ ወደ ኋላ ይሄዳል።"

"ታኮ አታደርግም?" አለው ተገኘ።

"ታኮው ታች ቀርቷል።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሴት "እሰይ የኔ ሥላሴ!" አለች። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ እግሩን ፍሬኑ ላይ እንደተከለ "አንዳችሁ አንድ ድንጋይ ጣል አድርጉልኝ" አለ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን አነሡ። ሙግት ሳያልቅ ድንጋይ የሚያነሳ የለም አሉ። ስሙን ጠየቁት፤ ታዲዮስ አለ። ተከሳሽ ታዲዮስ ከጋቢናው ሆኖ እንዲመልስ ተፈቀደለት።

"ድንጋዩን ለምን ተውከው?"

"አባባ፣ ማን ያነሳል? የትኛው ሾፌር አንስቶ ያውቃል? ደግሞስ ይጠቅማል። ነገ እዚህ ጎማ የሚፈነዳበት ሰው ድንጋይ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።"

"ጽድቅ ነው በለኛ!" አለች ያችው ሴት።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ ልጄ፣ ይህ ሰው ምን አደረገሽ?"

"እኔን? ምንም።"

"ንብረትሽን ነካ?"

"አልነካም።"

"ታዲያ በምን ትከሺዋለሽ? ያልተጎዳ ሰው እንዴት ይከሳል?"

መልሱ በአፌ ውስጥ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ሁሉም ነገር በዚያው ያልቃል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ያነሣሉ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ልጁም ራሱን ደፍቶ ሄዶ ያነሣል። ወይዘሮ ጌታነሽ ይህን ከእኔ ቀድመው አስበውታል መሰለኝ። ሞላሌ የበግ ጠጉር ባና የሚሸጡ ናቸው፤ ቤቴን ያውቃሉ። ሰዉን ገፋ አድርገው ወጡ።

"አባባ፣ እሷ እኮ የባሏን..."

"እትዬ ጌታነሽ" አልኳቸው፤ "ይተዉልኝ።"

"ልናገርልሽ እንጂ ልጄ..."

"ይተዉልኝ ብያለሁ።"

ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እሳቸውም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሰው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። ለእኔ ታዝኖልኝ የሚነሳ ድንጋይ አልፈልግም ነበር። ድንጋዩ መንገድ ላይ ስለሆነ ብቻ ይነሳ።

"ከሳሹ ገና አልደረሰም" አልኳቸው ሽማግሌውን። "ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በጉም ውስጥ ይመጣል። እስኪመጣ ቦታውን ይዤለት ነው።"

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ያልደረሰ ከሳሽ ዋስ ይጠራል" አሉ።

"ዋሱ እኔ ነኝ።"

"እሱማ እኔም ነኝ" አለ ተገኘ ሳይታሰብ። "በዚህ መንገድ የማልውልበት ቀን የለም። ስልሳ ሰው ጭኜ መታጠፊያው ላይ ስንቴ ልቤ ቀጥ ብሏል!"

"አንተስ አትተውም?" አለው አንዱ ተሳፋሪ። "በጾሙ የአውቶቡሱ ቀበቶ ሲበጠስ መቃረቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ድንጋይ ትተህ አልሄድክም?"

"ያን ቀን መሽቶ ነበር!"

"ታዲዮስም ቸኩሎ ነው!"

ተሳሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ያስቀመጠው ያንሳው ብለው ፈረዱ።

"አላነሳም!" አለ ታዲዮስ። ድምፁ ተሰበረ። "ደብረ ሲና መናኸሪያ ምን እንደምባል ታውቃላችሁ? ሴት አስወርዳ ድንጋይ አስለቀመችው ነው የምባለው። እዚሁ አድራለሁ እንጂ አላነሳም።"

ጉሙ እላያችን ላይ ደረሰ። ሕፃን የታቀፈች ሴት ልጄን ብርድ ገደለብኝ ብላ ጮኸችብኝ። ላንድሮቨሩን ከፍቼ ከፊት አስቀመጥኳት፤ ጋቢዬን አለበስኳት። መኪናውን ግን አላንቀሳቀስኩትም። ሁለት ሰዎች እኛ እናንሳውና እንገላገል ብለው ወደ ታች መሄድ ጀመሩ።

"እባካችሁ ተዉት" አልኩ። "እናንተ ብታነሡት ነገ ሌላ ቦታ ይተወዋል።"

"ኧረ ይቺ ሴት ምን ዓይነት ግትር ናት!" አለ አንዱ፤ ግን ተመለሰ።

ታዲዮስን አየሁት። እግሩ ፍሬኑ ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ቢፈልግም መውረድ አይችልም፤ እምቢታውን የያዘለት ያ ነው። ዳገቱ እሱን ይዞታል፣ እኔ ደግሞ እሱን ይዤዋለሁ፣ ሁላችንም እዚያው ነን።

ወደ ቦዩ ሄድኩ። የሚበቃ ድንጋይ መረጥኩና በሁለት እጄ አነሣሁት። እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ያለ ድንጋይ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው ሊከለክሉኝ ዘንጋቸውን አነሡና መልሰው አወረዱ። ከአይሱዙው የኋላ ጎማ ሥር አስገብቼ በእግሬ አጠበቅሁት። ጭቃ የነካ እጄን እያራገፍኩ ወደ መስኮቱ መጣሁ።

"ይህን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "የማነሳውም እኔ ነኝ። አንተ የአንተን አንሳ።"

ሰው ሁሉ እሱን አየ። ታዲዮስ ፍሬኑን ቀስ እያለ ለቀቀ፤ መኪናው ድንጋዬ ላይ ተቀመጠ፣ ቆመ። ልጁ ወረደ። ሻርፑን ወደ ኋላ ወርውሮ ማንንም ሳያይ ወደ ጉሙ ገባ።

አንድ ድንጋይ ወደ ገደሉ ሲንከባለል ሰማን። ከዚያ ሌላ።

ሲመለስ ልብሱ እስከ ደረቱ ጭቃ ነበር። "አለቀ" አለ።

አላመንኩትም። አልፌው ሄጄ መታጠፊያውን አየሁ።

"አንዲት ቀርታለች" አልኩት።

"እሷማ ትንሽ ናት!"

"ትንሽ የሚባል የለም። አንሳት።"

 ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ ሄዶ አነሣት። ወደ ገደሉ አልወረወራትም፤ ይዟት ሄዶ ከቦዩ ማዶ አስቀመጣት።

ሰዉ ወደ አውቶቡሱ መግባት ጀመረ። ሽማግሌው ሲያልፉ ምንም አላሉኝም፤ ባርኔጣቸውን ብቻ ነካ አደረጉ። ላንድሮቨሩን ወደ ዳር አስጠጋሁትና ወደ አይሱዙው የኋላ ጎማ ሄድኩ። ታዲዮስ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ አስነስቷል። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች አየኝ።

"እትዬ" አለ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። "ቅድም ሴትዮዋ የባሏን ብለው የጀመሩት... እዚህ ነው?"

"ፍሬን ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"አጥብቀህ ያዝ።"

ጎንበስ ብዬ ድንጋዬን ጎትቼ አወጣሁ። ሳመጣው ከነበረው ይልቅ ከብዶኛል፤ መኪናው ጭቃው ውስጥ ቀብሮት ነበር። ደረቴ ላይ አስጠግቼ ወደ ቦዩ ተሻገርኩ።

"መንገዱ ክፍት ነው" አልኩት። "ሂድ።"