ከሰማያዊው ቀለም ሥር

እናቷ በልጅነቷ «ጥድፊያ» ብላ ያወጣችላት ስም እስከ ሽበት ተከተላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ይህቺ ግን አፍሶ መልቀሙን ጭራሽ መተዳደሪያዋ አደረገችው። ሰዓሊ ናት። ያውም ዛፍ፣ ቤት፣ ሰው የምትሥል ዓይነት አይደለችም። ኮምፐርሳቶ ታጋድማለች፤ ጋዜጣ ትለጥፍበታለች፤ በላዩ ፋሻ፣ በፋሻው ላይ በኮላ የተለወሰ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ሬንጅ፣ ከዚያ ቀለም። ከዚያ ደግሞ ግማሹን ትፍቀዋለች። ሲያምርላት ትጨነቃለች። «ቆንጆ ሆኗል፣ በቃ ተይው!» ያላት ሰው ሥዕሉን ገደለው ማለት ነው፤ በማግስቱ ሌላ ቀለም ተደፍቶበት ይገኛል። ስለዚህ ሥራዋን የሚወዱ ሰዎች እስኪደርቅ አይጠብቁም፤ በእርጥቡ ተሸክመው ይሮጣሉ።

ሐሙስ ጠዋት ታላቅ እህቷ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። የእማዬን ቀሚስ አውጥተሽ ጠብቂኝ። አሁን ላየው እችላለሁ» አለቻት።

«እሺ እታለም» አለች ጥድፊያ። ስልኩን ዘጋችና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ወይ ጉድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ከዓመታት በፊት ስትሞት ታላቂቱ አራስ ነበረች፤ ያውም በቀዶ ሕክምና የተገላገለች አራስ። ዘመድ ተሰብስቦ «አይነገራት፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ቁስሏ ያመረቅዛል» ብሎ ፈረደ። እሷ ስትሰማ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። መጥታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ወርቅ አልፈለገች፣ ዕቃ አልፈለገች። በሩ ጀርባ የተሰቀለውን፣ ቢጫ አበባ ያለበትን አረንጓዴ ቀሚስ ብቻ ከሩቅ አየችና «ይሄን አስቀምጪልኝ። ዛሬ ልነካው አልችልም፤ አንድ ቀን እጠይቅሻለሁ» ብላ ሄደች። አደራ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ አደራ ደግሞ አይበላም።

ጥድፊያ በላችው። መብላት እንኳ ሳይሆን… እስቲ እንደሆነው ልናገረው። ቀሚሱን ስቱዲዮዋ ውስጥ ሰቀለችው፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ሳጥን ውስጥ ብትከተው ምን ነበረበት? ቀሚሱ እያያት ብሩሽ መያዝ አቃታት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ ጀርባውም ያው ሆነባት። አንድ ማለዳ መቀሱን አነሳች፣ ሸረከተችው፣ ኮምፐርሳቶ ላይ በኮላ ለጠፈችው። ሐሳቧ ቀሚሱ በሥዕሉ ውስጥ እንዲታይ ነበር፤ በእውነት ክፋት አልነበረባትም። አበቦቹ ግን አፈጠጡባት። ስስ ወረቀት አለበሰቻቸው፤ በወረቀቱ ውስጥም ታዩ። ፋሻ፣ አሸዋ፣ ሬንጅ ከመረችባቸው፤ በመጨረሻ ሰማያዊ ደፋችባቸው። የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም ያንን አይቶ ወደደው፣ ገዝቶ ወሰደው። አሁን ሕመምተኞች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ዓርብ ዕለት ጥድፊያ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ የቀለም መፋቂያ ከታ ክሊኒኩ ገባች። ጥርሷ ድንጋይ ይፈጫል፤ ግን ምን ብላ ትግባ? ሥዕሉ ሥር ካለው ወንበር ተቀመጠች። ተነሳች። እንደገና ተቀመጠች። ጉንጫቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ አጠገቧ ሆነው በአንድ ዓይናቸው ይከታተሏታል።

«ልጄ፣ በጣም ጠዘጠዘሽ አይደል?»

«በጣም አባቴ።»

«አይዞሽ። እኔ ሲብስብኝ ያንን ሥዕል ነው የማየው። ምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የሠራው ሰው ግን ያልተነቀለ ጥርስ ሳይኖረው አልቀረም» አሉና ራሳቸው ሊስቁ ሲሉ ሕመሙ አስቆማቸው።

ሽማግሌው ተጠርተው ሲገቡ ክፍሉ ጭር አለ። ጥድፊያ ግራ ቀኝ አየችና መፋቂያዋን መዘዘች። የታችኛውን ጥግ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ሰማያዊው ተነሳላት፤ ሬንጁ ግን ወይ ፍንክች! በሙሉ ክንዷ ስትገፋው መፋቂያው አዳልጦ ሥዕሉን ሰነጠቀው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

እጅ ከፍንጅ። ዶክተሩ ጓንቱን እንዳጠለቀ በሩ ላይ ቆሟል።

«ትንሽ… ላስተካክለው ብዬ ነው።»

«ሲሸጡልኝ ዳግመኛ እጄን አላስገባበትም ብለው ምለው የለም እንዴ?»

ሌላ ቀን ቢሆን አፍ አላት፤ ትመልስለት ነበር። ያን ቀን ግን እንባዋ ቀደማትና ቀሚሱን፣ አደራውን፣ ነገ የምትመጣውን እህቷን አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችለት። ዶክተሩ የተሰነጠቀውን ጥግ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ከዚያ መፋቂያውን ከእጇ ወሰደ።

«በዚህ? ይሄ እኮ ግድግዳ ማፍረሻ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ምን የምሠራ ይመስልዎታል? የተጋገረውን የማነሳው ከሥሩ ያለውን ሳልጎዳ ነው። ነገ ከሰዓት ሰው የለኝም፤ ይምጡ። ሥዕሌን ስለሚያበላሹብኝ ግን ተቀይሜዎታለሁ፤ ይሄን ይወቁት።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሥዕሉ የሕመምተኛው ወንበር ላይ ተንጋለለ። ዶክተሩ መብራቱን ጎትቶ አወረደበትና ጫፏ ቆልመም ባለች ቀጭን መፋቂያ ሰማያዊውን ቅርፊት በቅርፊት ያነሳው ጀመር። ጥድፊያ በቲነር የራሰ ጥጥ ታቀብላለች፤ መሣሪያውን ትቀማዋለች፤ መልሳ ትሰጠዋለች፤ ወንበሩን ትዞራለች። ሬንጁ ለቀቀ፣ አሸዋው ተራገፈ። ዶክተሩ የፋሻውን ክር አንድ በአንድ በወረንጦ ሲመዝ እሷ ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች።

«ይቀመጡ እባክዎ። የሚታከመው እርስዎ አይደሉም» አላት።

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። ታላቂቱ ናት፤ ደርሳ የጥድፊያን ቤት በር እያንኳኳች ነው።

«የት ሄደሽ ነው?»

«እዚሁ ሰፈር ጥርስ ሐኪም ቤት ነኝ» አለች ጥድፊያ። የምትዋሸው ነገር ፈልጋ አጥታ እውነቱ አመለጣት።

«ውይ! ምን ሆንሽብኝ?» ስልኩ ተዘጋ።

ብዙም አልቆየች። የጉዞ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ እያለከለከች ገባች። ዶክተሩ መብራት ሥር አጎንብሶ ሲፍቅ አየችና «እህቴን ምን እያደረጓት ነው?» ብላ ጮኸች። ዶክተሩ ዘወር ሲል ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሳይሆን ጣውላ ሆነ። እህቷ ደግሞ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

ሰማያዊው መሐል መዳፍ የምታህል ቦታ ተከፍታለች። በዚያች ውስጥ ቢጫ አበባ ይታያል።

ታላቂቱ ሄዳ አበባውን በጣቷ ነካችው፤ እንደ ጣውላው ደርቋል።

«አይነሳም?»

«አይነሳም እታለም። ኮላው ክሩ ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ ቀሚስ አይሆንም።»

«ስትቆርጪው ማን ነበረ?»

«ማንም።»

«ቀብሯን ደበቃችሁኝ። ያኔ አራስ ነበርኩ፤ ይሁን። ሁለተኛ ስትቀብሪያት ምን ሆኜ ነው ያልጠራሽኝ?»

ዶክተሩ «ውኃ ላምጣ» ብሎ ወጣ፤ ውኃው ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጥድፊያ ምን ይዋጣት? ቀጭኗን መፋቂያ አፈፍ አድርጋ አጎነበሰች። «ሁሉንም አነሳልሻለሁ። ወር ይፍጅ፣ ዓመት ይፍጅ፣ እስከ ጫፉ ድረስ…»

ታላቂቱ የእጇን አንጓ ጨምድዳ ያዘች።

«እጅሽን ሰብስቢ! ጨርቁ ገደል ይግባ። እሷን ንገሪኝ። በጠየቅኩሽ ቁጥር ‹በሰላም አረፈች› ትያለሽ፤ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ስለዚያች ቀን ከሁለቱ ቃል በቀር የማውቀው የለኝም እኮ! ሰው እናቱን በሁለት ቃል ይሸኛል?»

ጥድፊያ መሬት መሬት አየች። ስትጀምር ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

«ጠዋት ይሄን ቀሚስ አልብሺኝ አለች፤ አለበስኳት። ከዚያ አንቺን መጥራት ጀመረች። እዚህ ነኝ እማዬ፣ እኔ ነኝ ስላት እጄን ትገፈትራለች። ‹አንቺን አላልኩም፤ እሷን ጥሪልኝ› ትላለች። ያገላበጥኳት እኔ፣ ያጠብኳት እኔ! ተናደድኩ እታለም። በምትሞት እናቴ ተናደድኩና ጥያት ወጣሁ፤ ደጅ ቆሜ አለቀስኩ። ስመለስ ያው አንቺን ትጠራለች። ዓይኗ ማየት ትቷል። እኔም አንቺን ሆኜ ‹አቤት እማዬ› አልኳት። ‹መጣሽልኝ?› አለችኝ። ‹መጣሁ› አልኳት። ያኔ እጄን ያዘች። እስከ መጨረሻው አልለቀቀችውም። አንቺ አጠገቧ ያለሽ መስሏት ነው የሄደችው። እኔ ግን ለእሷ እዚያ አልነበርኩም። ቀሚሱን ባየሁት ቁጥር አንቺን ይጠራብኛል፤ ምን ላድርግ?»

ታላቂቱ የያዘችውን አንጓ አልለቀቀችም።

«የቱን እጅሽን ነው የያዘችው?»

ጥድፊያ መፋቂያዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ሬንጅና ሰማያዊ የነካካውን ቀኝ እጇን ሰጠቻት። ታላቂቱ በሁለት እጇ ተቀብላ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

«እማዬ» አለችው እጁን፣ «አሁን ነው የመጣሁት።»