የአበልጅ መኪና

ንዴቴ ዛሬም አልበረደም። ወዳጅ ዘመዱ «ኧረ አሰፋች ተይው፣ መኪና ምን ቢሆን ብረት ነው» ይለኛል። ብረት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ያናደደኝ ብረቱ መቼ ሆነና!

ባለቤቴ ባህሩ የቆዳ ነጋዴ ነው። የነበረን መኪና አንድ ላንድሮቨር ሲሆን፣ ባህሩ በእሱ ዛሬ ጎሮ ነገ ጊኒር እያለ ቆዳ ሲሰበስብ ይከርማል። ቤታችን ጎባ ነው፤ እኔ የማስተምረው ግን ሮቤ ነው። በደረቁ ወራት ችግር የለም፣ የአንዱን የጭነት መኪና ሾፌር ለምኜ ጋቢና ገብቼ እደርሳለሁ። የባሌ ዝናብ ግን በበልግም በክረምትም ነው። ያ ጥቁር አፈር አንዴ ከራሰ የጭነት መኪኖቹ ባሉበት ይቆማሉ። እኔም ጃንጥላዬን ዘርግቼ መንገድ ዳር ቆሜ እቀራለሁ፤ ተማሪዎቼ ተሰልፈው አስተማሪያቸውን ሲጠብቁ ይታየኛል።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ዱጉማ ክፉ ሰው አይደለም። በሚያዝያ መጀመሪያ ቢሮው ጠራኝና ዐይን ዐይኔን ሳያይ፣ «ወይዘሮ አሰፋች፣ እርስዎ በቀሩ ቁጥር ሦስተኛ ክፍል ሜዳ ላይ ነው የሚውለው። ወላጆች አመልክተዋል። ካሁን በኋላ ከቀሩ ቦታውን ለሌላ ሰው ለመስጠት እገደዳለሁ» አለኝ። ምን እለዋለሁ? እውነቱን ነው። ይህን ሥራ ያገኘሁት ልጅ እያጠባሁ ተምሬ ነው። አባቴ እንኳ «ያገባች ሴት ደግሞ ምን ትሆን ብላ ትማራለች?» ብሎ ስቆብኛል። እሞታታለሁ እንጂ ሥራዬን አልለቅም አልኩ።

ስለዚህ ሁለተኛ መኪና ይገዛ ተባለ። ባህሩም ተስማማ። በቅሎ ጥላው እግሩ የተሰበረ ጊዜ ላንድሮቨሩን እየነዳሁ ንግዱን ያቆየሁለት እኔ ነኝና መንዳቴን አይጠራጠርም።

መኪና እንዴት እንደሚመረጥ ያስተማረኝ የለም። ሰው ሁሉ የሚያየው ቀለሙንና ወንበሩን ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ዘይነዲን ሱቅ ነበር። ዘይነዲን ከስልጢ አገር መጥቶ ሮቤ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«የቱ መኪና ጥሩ እንደሆነ አትንገረኝ» አልኩት። «መደርደሪያህ ላይ ዕቃው የሞላው የየትኛው ነው?»

ሳቀና፣ «ወላሂ እትዬ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብሎ የላንድሮቨሩንና የቮልስዋገኑን ዕቃ አሳየኝ። ለእኔ በቂ ነበር። የምፈልገው ለዓመት በዓል የሚታይ መኪና አይደለም፤ ልጆቼ አድገው እስኪነዱት ድረስ ቤቴ የሚኖር ነው። አንዲት ብሎን በጎደለችው ቁጥር አዲስ አበባ የሚላክለት መኪና ምን ያደርግልኛል?

እንደ ዕድል፣ በመንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሊገባ ቮልስዋገኑን ይሸጥ ነበር። ዝናብ ሲጥል ባደረበት ጠዋት ለመንኩትና እስከ ሮቤ ነዳሁት። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማው ጭቃውን ቆንጥጦ ይይዛል። ራዲያተር የለው፣ ውሃ አይጠይቅ። ነጠላዬን ጥዬ ከሥሩ ገብቼ አየሁት፤ አንዲት ጠብታ ዘይት አያፈስም። ሰውዬው እስከ ሰኞ ሊጠብቀኝ ቃል ገባ። ባህሩ «ይቺን ኤሊ ነው የምትጋልቢው?» ብሎ ቢያሾፍብኝም እሺ አለኝ። ያን ቀን ደስታዬን አልቻልኩትም።

ቅዳሜ ዕለት ባህሩ ፊታውራሪ ዘውገ ቤት ማኅበር በልቶ ጠጥቶ መጣ። ፊታውራሪ የበኩር ልጃችንን ክርስትና ያነሱ አበልጃችን ናቸው። አንድ ረጅም ጥቁር የከተማ መኪና አላቸው። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ግን ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ ቀይ ቆዳ ነው፣ ጎባ ውስጥ እሱን የሚያህል የለም። ለጥምቀትና ለመስቀል ይወጣል፤ ሌላውን ቀን ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይውላል።

«ፊታውራሪ መኪናቸውን ሊሰጡን ነው» አለ ባህሩ ጫማውን እያወለቀ። «በዋጋው ማለቴ ነው።»

«ማን ጠየቃቸው?»

«ለባዕድ ከምሸጠው ለአበልጄ ይሁን አሉ። እሳቸው አዲስ ሊያስመጡ ነው።»

«ሞተሩስ እንዴት ነው?»

«ፊታውራሪ እኮ ንብረት አያያዝ ያውቁበታል። አባታቸውም ቢሆኑ በዚህ አገር የታወቁ ባለ ርስት…»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ! እኔ ስለ ሞተር ስጠይቀው እሱ የሰውየውን ዘር ይቆጥርልኛል። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ «እሺ፣ ነገ መካኒክ ይዘን እንሂድና እንየው፣ እኔም ልንዳው» አልኩት።

ባህሩ የሰደብኩት ያህል ደነገጠ። «የአበልጅ ዕቃ በመካኒክ ይፈተሻል እንዴ? አታላይ ነዎት ልበላቸው?»

«እንግዲያው አልገዛም በላቸው።»

ወለሉን ወለሉን እያየ፣ «ነገ ሽማግሌ ይልካሉ» አለ።

ሽማግሌ! ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ይላካል፣ የተጣላ ሲታረቅ ሽማግሌ ይላካል። መኪና ለመሸጥ ሽማግሌ ሲላክ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለነገሩ ፊታውራሪ ሞኝ አይደሉም። ባህሩ በሽማግሌ ፊት እምቢ የሚል አንገት እንደሌለው ጎባ በሙሉ ያውቃል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በካፊያ መጡ። ሦስት ናቸው። አንደኛው የንስሐ አባታችን፣ ሁለተኛው በጡረታ ያሉ ዳኛ፤ ሦስተኛውን ሳይ ግን ደሜ ፈላ። የገዛ አጎቴ ጋሽ ባዳሳ ናቸው፤ ከጎሮ ድረስ አስመጥተውብኛል። ጋሽ ባዳሳ በፈረስ ዕውቀታቸው የተከበሩ፣ እኔንም እንደ ልጃቸው የሚወዱኝ ሰው ናቸው። እሳቸውን መርጠው ሲልኩ የእኔን አፍ ለማዘጋት መሆኑ ገባኝ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ» አለ ባህሩ።

አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። ሦስቱም በር አጠገብ ተደርድረው ቆሙ። የንስሐ አባታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ይህን ያየ ባህሩ ላብ አጠመቀው።

«ፊታውራሪ መኪናቸው ከዘመድ እጅ እንዳይወጣ ፈልገዋል» አሉ ዳኛው። «እኛም ይህን ይዘን ቆመናል። አደራ፣ እንዳታሳፍሩን።»

እኔ ጓዳው በር ላይ ነበርኩ። ሽማግሌ በቆመበት ሴት አትገባም ይባላል። ገባሁ። የሦስቱንም ጉልበት ሳምኩና፣ «አባቶቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አልኩ። «ገበያ ወጥተን በሬ ስንገዛ እንኳ ዋስ አለ። ይህ መኪና ሮቤ መንገድ ላይ ቢቆምብኝ ሥራዬን አጣለሁ። ዋሴ ማነው?»

የንስሐ አባታችን «ካህን ዋስ አይሆንም፣ ልጄ» አሉ። ዳኛው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ጋሽ ባዳሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፈረስ ቢሆን ጥርሱን ገልጬ አይቼ እነግርሽ ነበር። ይሄ ብረት ነው። የብረትን ሆድ ዋቃ ነው የሚያውቀው።»

«ለመሆኑ በምን መጣችሁ?» አልኳቸው።

«በበቅሎ ነዋ።»

«ፊታውራሪ መኪናቸው ቤት ቆሞ እናንተን ያህል ሰው በበቅሎ ይልካሉ?»

«ዝናብ ነው እኮ፣ ልጄ! ያ መኪና በዝናብ የት ይሄዳል?»

ዳኛው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፤ ግን ከአፍ ወጥቷል። ምስኪን ጋሽ ባዳሳ፣ ውሸት አያውቁበትም። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። እኔ ወደ ባህሩ ዞርኩ። ከእንግዲህ ምን ቀረ? ሻጩ የላኳቸው ሰው ራሳቸው መሰከሩ። አሁንስ ሰማ፣ አሁንስ እምቢ ይላል ብዬ በሙሉ ዐይኔ አየሁት።

ባህሩ እኔን አላየኝም። የሚያየው የቄሱን ጉልበት ነው። «እሺ ብያለሁ አባቶቼ» አለ። «ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። መረቁን። የሚበላ የሚጠጣ እኔው አቀረብኩ። የተናደድኩት በፊታውራሪ አልነበረም፤ እሳቸው ሻጭ ናቸው፣ ሸጡ። በሽማግሎቹም አይደለም፤ ተልከው ነው። የእኔ ሰው ግን ሁሉን በጆሮው ሰምቶ፣ የእኔን ነገር ከእነሱ ፊት መጥቆር በታች አደረገው። ሲሄዱ ደግሞ «በሽማግሌ ፊት አዋረድሽኝ» ይለኛል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ሰኞ መሐንዲሱ ቮልስዋገኑን ለሌላ ሰጠ። ማክሰኞ ጥቁሩ መኪና ግቢያችን ገባ፤ ጎረቤት እልል አለ። ረቡዕ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ።

ጠዋት ተነስቼ በዚያ ቀይ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደህና ይሁን ብዬ ጸልያለሁ፤ ለእልህ ብዬ ይቁም አላልኩም። ከከተማው ሳልወጣ ሆዱ ጭቃው ላይ ተኛ። ጎማው ባዶውን ይዞራል፣ ጭቃውን መስኮቱ ላይ ይረጫል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ወጥቼ ብገፋው፣ ሰው ለምኜ ባስገፋው፣ ወይ ፍንክች። ትቼው እየሮጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። ባህሩ ላንድሮቨሩን አስነስቶ ከግቢ ሊወጣ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ውረድ።»

«ዛሬ የጎሮ ገበያ ነው እኮ!»

«ውረድ ባህሩ። እሺ ያልክለት መኪና መንገድ ላይ ቆሞልሃል፣ በእሱ ሂድ።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል። ሰው ምን ይላል?»

ያቺ ቃል! እሷ ስትወጣ የያዝኩት ሁሉ ፈሰሰ። «ቄሱን አፈርክ» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ዳኛውን አፈርክ፣ ፊታውራሪን አፈርክ፣ አሁን ደግሞ ጎረቤት ታፍራለህ። ያገባሁህ እኔ ነኝ፤ ከሁሉ መርጠህ የማታፍረኝ እኔን ብቻ ነው! አንድ ቀን እንኳ እኔን እፈር!»

ባህሩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ፤ ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። አዝኖልኝ ይሁን ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። መሪውን ይዤ ወጣሁ። ሮቤ ስደርስ ልጆቹ ተሰልፈው ነበር። አቶ ዱጉማ እግሬን አየና የክፍሉን በር ከፈተልኝ። ያን ጠዋት ጭቃዬን ሳልታጠብ ማባዛት አስተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ ላንድሮቨሩ የኔ ነው። ባህሩ ጎሮ የሚሄደው በሰው መኪና ተጭኖ ነው፣ ሲጠፋም በበቅሎ። ጥቁሩን መኪና ልንሸጠው አልቻልንም፤ የአበልጅ ስጦታ ሸጡት ይባላል ብሎ ባህሩ እሺ አይልም። በዋጋው የገዛነው ስጦታ ሆኖ ቀረ።

ፊታውራሪ አዲሱን መኪናቸውን አምጥተዋል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ባህሩን ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «መኪናችን እንዴት ነው?» ይሉታል።

ባህሩም ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳል። እኔ አጠገቡ ቆሜ እየሰማሁት፣ «በጣም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላቸዋል።